የልጆቻችንን ግራ እጅ ላረሙልን ክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር ኢንጂነር ዳኛቸው
የተወርዋሪ ኮከብ የታዳጊዎች ቤዝቦል ክለብ ሰብሳቢ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ነሐሴ 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? በተለይ ደግሞ ባለፈው ወር በፍጻሜው ጨዋታ ዕለት “አየሩ ነው፣ አየሩ ነው” ሲሉ የደረቀው ጉሮሮዎ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ኢስት ኮልፋክስ ላይ ያለችው የኢንሹራንስ ቢሮዬም፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቷ ከመንቀጥቀጡ በስተቀር፣ ደኅና ናት። ከኮሚቴው አውጥተው “የክብር አባል” ካደረጉኝ ወዲህ ማታ ማታ ስብሰባ ስለሌለብኝ ሰውነቴ ተመልሷል፤ ስለዚህ ውለታዎም በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በቢሮዬ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በክለቡ የቫይበር ግሩፕም ልኬዋለሁ። በአደባባይ የጻፍኩት በግል መናገር ጠልቼ እንዳይመስልዎ። በግል ስነግርዎ ሁልጊዜ “ኮሚቴው ያየዋል” ይሉኛል፤ ኮሚቴው ደግሞ እርስዎና፣ እርስዎ በተናገሩ ቁጥር ራሳቸውን የሚነቀንቁ አራት የተከበሩ ሰዎች ናችሁ። ራስ ሲነቀነቅ ዓይን በደንብ እንደማያይ ስለተረዳሁ፣ ሌላውም ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ባለፈው ሰኞ ልምምድ ላይ የመጨረሻ ልጅዎ ፅዮን ኳስ አነሳች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ያነሳችውም በግራ እጇ ነው። እርስዎ ቀረብ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ ኳሱን ከግራዋ ወስደው በቀኟ አስያዟትና “ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የምትወረውረው” አሏት። ወረወረች፤ ኳሱ እግሯ ሥር ወደቀ። እኔ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነበር። ይህንኑ ነገር ከአራት ዓመት በፊት በሌላ ልጅ ላይ ባላይ ኖሮ ዝም ብዬ ወደ መኪናዬ በሄድኩ ነበር። አሁን ግን የምጽፍልዎ ስለዚች ሕፃን ግራ እጅ ነው፤ እጇን ይተዉላት ብዬ ልለምንዎ ነው።

“ይኼ የቤቴ ጉዳይ ነው” እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት። ነገር ግን የሄዋን ግራ እጅ አንድ ክረምት ሙሉ የኮሚቴው አጀንዳ ሆኖ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞለት፣ በድምፅ ብልጫ የተወሰነበት በእርስዎ ሰብሳቢነት ነው። የሰው ልጅ እጅ የማኅበር ጉዳይ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ተማሪዎ ትምህርቱን ቢከተል አይቀየሙትም ብዬ አምናለሁ።

ክለባችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የዛሬ ስምንት ዓመት ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የቤዝቦል ፍቅር ይዘው መጡብን። እኛ አባቶች ከእግር ኳስ በስተቀር የምናውቀው አልነበረም፤ ዱላውን ያየ ሁሉ ጠብ የተነሳ ይመስለው ነበር። ሆኖም በአንድ አዳራሽ ለመሰብሰብ የማይስማሙት የኦርቶዶክስና የጴንጤ ቤተሰቦች በአንድ ሜዳ ላይ ተስማሙ። ያን ዕለት እርስዎ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ “መሐል ዴንቨር ያለው ትልቁ ቡድን እንኳ የሚያዋጣው ከውጭ የገዛው ሳይሆን ከታች መልምሎ ያሳደገው ልጅ ነው። እኛም ከዘር እስከ ፍሬ የራሳችንን ልጆች እናሳድጋለን።” ንግግሩ ግሩም ነበር፤ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እነሆ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምልመላው።

ሌሎች ክለቦች በየሚያዝያው አዲስ ልጆች ሲመጡላቸው ያስሮጧቸዋል፣ ያስወረውሯቸዋል፣ ያስመቷቸዋል፤ ከዚያ ይመርጣሉ። ድራፍት ይሉታል። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ድካም ገላግለውናል። ዛፉ ሥር ወንበር አስቀርበው፣ ጋቢዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ይቀመጡና ልጁን “የማን ልጅ ነህ?” ይሉታል። አባቱን ካወቁት መሐል ሜዳ ይገባል። አያቱን ካወቁለት ደግሞ ፒቸር ሆኖ መሐል ላይ ቆሞ ይወረውራል። ወላጆቹን የሚያውቅለት ሰው ከጠፋ ከሣሩ ጫፍ፣ ኳስ በዓመት አንዴ ከሚደርስበት ቦታ ይቆማል። በዚህ ዘዴዎ ምክንያት የልጆቻችንን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ለይተን ያወቅን ሲሆን፣ ከመካከላቸው ኳስ መወርወር የሚችለው የትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን በማጣራት ላይ እንገኛለን።

ሄዋን በሰባት ዓመቷ የመጣችው እንዲህ ባለው ቀን ነው። እናቷ ወይዘሮ ጌጥነሽ እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እርስዎ “የማን ልጅ ናት?” ቢሏቸው “የእኔ” አሉ፤ ሌላም አልጨመሩ። መልሱ ስላጠረብዎ ልጅቱ ወደ ሣሩ ጫፍ ሄደች። ከዚያው ከጫፉ ግን ኳስ አንሥታ በግራ እጇ ወረወረች፤ ኳሱም የሁሉንም ራስ አልፎ ቀጥ ብሎ ከተቀባዩ ጓንት ውስጥ ገባ። አሰልጣኛችን እንዳልክ ተቀምጦ ነበር፣ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። እርስዎም ተነሥተዋል፤ የተነሡት ግን በየትኛው እጇ እንደወረወረች ስላዩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ግራ እጅ።

በቤዝቦል ግራኝ ፒቸር በፋኖስ የሚፈለግ ነገር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ አብዛኛው ወርዋሪ በቀኙ ስለሚወረውር መቺው ዓይኑ የለመደው ያንን ነው፤ ከግራ ሲመጣበት ይደናገራል። እኛ ሳንፈልግ፣ ሳንለፋ፣ እግዚአብሔር አንዲት ሰጠን። እንዳልክ እዚሁ ያደገ፣ በሃይስኩል የተጫወተ ልጅ በመሆኑ ይህን ያውቃል፤ በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ የተናገረውን እርስዎም አይረሱትም፦ “ጋሼ ዳኛቸው፣ ሌፍቲ ፒቸር እኮ ሰው ሰርች አድርጎ የማያገኘው ነገር ነው፤ ፕሊስ እንዳትነኳት።”

እርስዎም የመለሱት መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ በክብር ሰፍሯል፦ “ልጄ፣ በግራ እጅ አይቆረስም፤ በግራ እጅ ሰላም አይባልም፤ ለሰውም ዕቃ በግራ አይሰጥም። ኳስም ለተቀባዩ የሚሰጥ ዕቃ ነው።” አራቱ የተከበሩ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ብድግ ብዬ፣ ኳሱ ለተቀባዩ የሚሰጥ ሳይሆን መቺው እንዳያገኘው የሚወረወር መሆኑን፣ ጉርሻና ቤዝቦል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳሁ፤ ምናልባት ድምፄ ከፍ ብሎ ይሆናል። በዚያው ሳምንት የክብር አባል ሆኜ አደርኩ።

ሄዋን ያኔ ሁለት ዓመት ከሣሩ ጫፍ ቆማ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ጓንቱን ወደ ግራዋ አዛወሩት፤ ኳሱን በቀኟ አስያዟት። ከዚያ ወዲያ የወረወረችው ኳስ አንዳንዴ አጥሩን፣ አንዳንዴ የዳኛውን ጫማ፣ አንድ ቀንም የውሃውን ኩለር መታ። “ትለምደዋለች” ይሉ ነበር። የለመደችውን ልንገርዎ። ገና ኳሱ ከእጇ ሳይወጣ “ሶሪ” ማለት ለመደች። ከመወርወሯ በፊት ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ አየሁ። እንዳልክም ታላቅ ሰው አይመለስበትም ተብሎ ያደገ ልጅ ነውና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ዛሬም ይህን ስጽፍ እናደዳለሁ፤ ንዴቴ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እውነቱን ለመናገር ክፋት አልነበረብዎትም። አንድ ቀን ጮኸውባት አያውቁም። ጓንቱን ራስዎ ገዝተው ያመጡላት እርስዎ ነዎት፤ በልብዎም የሠለጠነች፣ ሰው ፊት የማታሳፍር ልጅ እያሳደጉ ነበር። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ደብዳቤ በአንድ መስመር ባለቀ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ዕቁቡ።

ፒቸር ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ወላጆችን እያጋጨ ሲመጣ እርስዎ የደረሱበት መፍትሔ በዓለም የቤዝቦል ታሪክ ታይቶ የሚታወቅ አይመስለኝም። እንደ ዕቁብ ዕጣ አወጡለት። ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ ልጁ በዚያ ቅዳሜ ይወረውራል፤ ቸግሮኛል የሚል ካለ ደግሞ እንደ ደንቡ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ችግሩም ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶብኛል፣ ልጄ ስትወረውር ያያትና ቪዲዮ ያንሣት የሚል ነው። ሀና የምትባለው ልጅ በዓመቱ ምርጥ ወርዋሪያችን ሆና ሳለ እናቷ እንግዳ ስላልመጣባቸው ብቻ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ተራዋን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ዝናብ ዘነበ። ለፍትሐዊነትዎ ያለኝን አድናቆት በዚህ አጋጣሚ ልግለጽ፤ ዝናቡን በተመለከተ ኮሚቴውን አልወቅስም።

አራተኛ፣ ስለ ስንብትና ስለ ግዢ።

ሄዋን አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ለእናቷ በቫይበር መልእክት ደረሳቸው፦ ልጅዎ የክለቡን ደረጃ ስለማታሟላ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ የለንም፣ መልካም ዕድል እንመኛለን። መልእክቱ መጨረሻ ላይ ሁለት የተጣበቁ መዳፎች ሥዕል ነበረበት። ወይዘሮ ጌጥነሽ ሥራ ቦታ ሆነው ነው ያነበቡት።

በዚያው በጋ እናትና ልጅ ቶርንተን ያለች ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሄዋን መናፈሻው ውስጥ የሌሎች ልጆች ጨዋታ በአጥር በኩል ስታይ ኳስ ወጥቶ እግሯ ሥር ወደቀ። የሚያውቃት ሰው በአካባቢው ስላልነበረ በግራዋ አንሥታ መለሰችላቸው። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ጨዋታውን ትቶ ወደ አጥሩ መጣ። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቃትም፤ ስሟን ጠይቆ “አንዴ ድገሚልኝ” አላት። ደገመችለት። እንዴት እንደተገኘች ያወቅሁት ከእናቷ ነው፤ ሲነግሩኝ ለሰውየው ደስ አለኝ፣ ለእኛ ግን አፈርኩ። ለካ እኛ አራት ዓመት ይዘናት ያላየነውን ሰው በአንድ ውርወራ ያየዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

እርስዎ በበኩልዎ፣ ከዘር እስከ ፍሬ ያሉት ሰው፣ ዘንድሮ ለፍጻሜው ጨዋታ ከሌላ ክለብ ፒቸር አስመጡ። በየሐምሌው ለእግር ኳሱ ውድድር ከሌላ ስቴት ተጫዋች ማስመጣት የለመደ ማኅበር፣ ያንኑ አመሉን ወደ ቤዝቦል ሜዳ ይዞት ገባ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። የክለባችን ደንብ ተጫዋቹ ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት ስለሚል፣ እንግዳው ልጅ ደግሞ ወላጆቹ የሜክሲኮ ሰዎች ስለሆኑ፣ በማሊያው ጀርባ ላይ “ብዙዬ” ብለው አጻፉለት። ልጁ ምንም በደል የለበትም፤ ጨዋ ነው፤ “ሰላም ነው” ማለትም በአንድ ቀን ለምዷል። ነገር ግን ወላጆች ሁሉ “ብዙዬ! ብዙዬ!” እያሉ ሲጮኹ ማንን እንደሚጠሩ ለማየት እሱም ዞር ዞር ይል ነበር።

የፍጻሜው ተጋጣሚያችን የቶርንተኑ ቡድን ነበር። በወርዋሪው ቦታ የቆመችው ደግሞ ሄዋን ነበረች፤ ረዝማለች፤ ጓንቷን በቀኟ አጥልቃለች። የእኛ ልጆች አንድ በአንድ እየመጡ አየር መቱ። እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ የዴንቨር ከተማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ መሆኑን፣ በስስ አየር ኳስ እንደ ልብ እንደማይታዘዝ ለተሰበሰበው ሕዝብ በሰፊው አስረዱ። ትምህርቱ ጠቃሚ ነበር። ሄዋን የምትተነፍሰው አየር ከየት እንደመጣ ግን ሳይነግሩን ጨዋታው አለቀ። እኔ በእኛ ወገን ተቀምጬ አጨበጨብኩላት። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አዘንኩ፤ የእኛ ነበረችና።

አምስተኛ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር፣ ክቡር ሆይ፣ ባለፈው እሁድ በገዛ ዓይኔ ባላየው ኖሮ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ሄዋንን ወደ ክለቡ እንድትመለስ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ወደ እናቷ ቤት ላኩ። ከኦርቶዶክሱ ወገን ጋሽ ኃይሌን፣ ከወንጌላውያኑ ወገን ወንድም ዮናታንን፣ ሦስተኛ ሰው ስላስፈለገ ደግሞ እኔን የክብር አባሉን። ጋሽ ኃይሌ ለምነውኝ እንቢ ማለት ስለማልችል ሄድኩ፤ ደግሞም መልሱን በጆሮዬ መስማት ፈልጌ ነበር።

ሦስታችንም ክራባት አሥረን፣ ጫማ አስወልውለን በሩን አንኳኳን። ወይዘሮ ጌጥነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ገና አላወለቁም። ተቀመጥን። ጋሽ ኃይሌም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደሚያውቁት በዚህ ነገር የተካኑ ናቸውና፣ “የመጣነው እንዲያው አይደለም፤ እዚህ ቤት አንዲት መልካም ልጅ አለች ብለውን፣ እሷን ፈልገን ነው” አሉ። ሴትዮዋ ፊታቸው አመድ መሰለ። “ልጄ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው! ደግሞስ በፍልሰታ ጾም ሽማግሌ ይላካል እንዴ? ጋሽ ኃይሌ፣ እርስዎ ያሳደጓቸው ልጆች አሉዎት፤ አያፍሩም? ፖሊስ ኮል ነው የማደርገው!” ብለው ስልካቸውን አነሡ። ወንድም ዮናታን “ለትዳር አይደለም እህቴ፣ ለቤዝቦል ነው፣ ለቤዝቦል!” እያሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እስኪያስረዱ ድረስ እኔ ወደ በሩ ተጠግቼ ነበር።

ነገሩ ሲገባቸው ወይዘሮ ጌጥነሽ ሳቁ። ብዙ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው “ስታባርሯት እኮ በቫይበር ነበር፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ጠፍቶ ነበር?” ብለው ጠየቁን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው በእኛ ሲደርስ እንዴት እንደሚያሳፍር ያን ጊዜ አወቅሁ።

በዚህ መሐል ሄዋን ከክፍሏ ወጥታ ውሃ አቀረበችልን። ብርጭቆውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ በግራዋ ክንዷን ደግፋ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ ለእያንዳንዳችን ሰጠችን። እናቷ ያስተማሯት ነው። ለሰው የሚሰጠው በየትኛው እንደሆነ፣ ኳስ የሚወረወረውም በየትኛው እንደሆነ ልጅቱ ሁልጊዜም ለይታ ታውቅ ነበር፤ ሳይለይለት የቀረው ኮሚቴው ነው። ጋሽ ኃይሌ “ልጄ፣ ወደ ወገኖችሽ ብትመለሺ ምን ይመስልሻል?” ሲሏት ትንሽ አሰበች። “ጋሼ፣ ኖ ቴንክስ” አለች፤ “እዛ ኳሱን ሚስ ሳደርግ ማንም አያፍርብኝም።”

በቁጣ አልተናገረችውም፤ እንዲያውም እንዳናዝን ፈገግ ብላ ነው። ጋሽ ኃይሌ መርቀዋት ተነሡ። መልሱን ያደረሱልዎ ወንድም ዮናታን እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ለስላሳ ሰው ስለሆኑ “ትንሽ ታስብበት አለች” ብለው እንዳይሆን ሰግቼ ትክክለኛውን ቃል እነሆ አስፍሬዋለሁ። ታስብበታለች ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ አስባበት ጨርሳለች።

እንግዲህ በማግስቱ ሰኞ ነው ሜዳ ላይ የፅዮንን ኳስ ከግራ እጇ የወሰዱት። ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ማግስት ጥቂት ቀን ያርፍ ነበር። እርስዎ ግን የሥራ ሰው ነዎት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ ለሄዋን አልፏል፤ ለፅዮን ግን ገና ነው።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው። ልጅቱን በፈለገችው እጅ እንድትወረውር ይተዉአት። ሥልጠናውን ለእንዳልክ ይስጡት፤ “ጋሼ ተሳስተዋል” ለማለት ግን ፈቃድ ይስጡት፤ ያለ ፈቃድ አይለውም፤ አሳድገነዋልና። ዕቁቡን ለወላጆች ይተዉት፤ ዛፉ ሥር ያለውንም ወንበር ያንሱት። ይህን ካደረጉ እኔ ደብዳቤውን ከመስኮቴ ላይ በዚያው ቀን አነሣለሁ፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ፤ ክለቡ ሜዳውን ሲያጭድ ማጨጃውን እኔ እገፋለሁ። የክብር አባልነቴን ግን ዛሬውኑ መልሻለሁ፤ ለሌላ ለሚከራከርዎ ሰው ያስፈልግዎታልና ባዶ ቦታ ይኑርዎ ብዬ ነው።

ከዚህ በላይ ጊዜዎን መሻማት ድፍረት ይሆንብኛል። ለክለቡ ላበረከቱት የማይዘነጋ አገልግሎት፣ ተወርዋሪ ኮከቦቻችን ከእኛ ሰማይ ላይ ተወርውረው በሌላ ሰው ሰማይ ላይ እንዲያበሩ ላደረጉት ያልተቋረጠ ጥረት፣ በራሴና በክለቡ የቀድሞ ተጫዋቾች ሁሉ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ቁጥራቸውም ከአሁኖቹ እየበለጠ ስለመጣ ምስጋናው ብዙ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የሚነቀነቁትንም ራሶች ከሕመም ይጠብቅልዎ።

በሙሉ አክብሮት፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ፣

ወልደየስ
የቀድሞ መሥራች፣ የቀድሞ የኮሚቴ አባል፣ ከዛሬ ጀምሮም የቀድሞ የክብር አባል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልለጥፈው ስል ባለቤትዎ ወይዘሮ ምንትዋብ ቢሮዬ ድረስ መጥተው አነበቡት። “እኔ ስነግረው አይሰማኝም፤ አንተ ይህንንም ጨምረህ ለጥፈው” ብለው ስላዘዙኝ ብቻ እጨምራለሁ። ሐሙስ ዕለት ፅዮንን ቶርንተን ወስደው አስመዝግበዋታል፤ ሄዋንም ትንንሾቹን ስለምታለማምድ እጇን ይዛ ወደ ሜዳው አስገብታታለች። አሰልጣኙ በየትኛው እጇ እንደምትወረውር ሲጠይቃት ልጅቱ መጀመሪያ ዞር ብላ ወደ መኪና ማቆሚያው አየች፤ እርስዎ አለመኖርዎን ካረጋገጠች በኋላ ግራ እጇን አነሣች።